ሳይሞት የሚቀበር ባትሪ

ይህን የምነግራችሁ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የምንውል ሰዎች እርስ በርሳችን እናወራዋለን፤ ለባለ መኪናው ግን አፍ ሞልተን አንነግረውም። ከደብረ ማርቆስ ተነስታችሁ ደምበጫ፣ ጂጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ማንኩሳ፣ ቡሬ እያላችሁ እስከ ኮሶበር ስትሄዱ በየጋራዡ ጥግ «የሞቱ» ባትሪዎች ተደርድረው ታያላችሁ። ከእነዚያ ውስጥ ከመኪናው ሲወርዱ ገና ነፍስ የነበራቸው ብዙ ናቸው። የሞቱትንም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚገድላቸው አንድ ጥቁር ኬብል ነው፤ ከባትሪው ነጌቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ ቦዲው የሚሄደው፣ ግራውንድ የምንለው።

ታዲያ ለምን አንናገርም? ባትሪ መቀየር የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። አንድ አሥር ቁልፍ ይበቃል፣ እጅ አይቆሽሽም፣ ሻጩ ትርፉን ያገኛል፣ መኪናው ወዲያው ይነሳል፣ ባለቤቱም አመስግኖ ይሄዳል። ግራውንድ መፈለግ ግን መኪና ሥር ገብቶ መተኛት ነው። ዘይትና ጭቃ የለበሰ ብሎን መፍታት፣ ዝገት መፋቅ፣ ኬብል ለክቶ መቁረጥ ነው። ያን ሁሉ ሠርተህ ሒሳብ ስትጠይቀው ባለ መኪናው «ለአንዲት ሽቦ ይህን ያህል?» ይልሃል። ስለዚህ ብዙው ባለሙያ ቀላሉን ይመርጣል። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፣ ልማድ ሆኖ ነው። ዕዳውን የሚከፍለው ግን በቆሎና በርበሬ ጭኖ ገበያ ለመድረስ በሌሊት የሚነሳው ሹፌር ነው፤ ያ ደግሞ ያንገበግበኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወጥቶ ሞተር የሚያስነሳውን ሞተሪኖ አዙሮ አያበቃም፤ ተመልሶ ወደ ነጌቲቩ መግባት አለበት። መሄጃው ቀይ ኬብል ነው፤ ሁሉም ያየዋል፣ ሁሉም ይጠነቀቅለታል። መመለሻው የሞተሩ ብረት፣ የቦዲው ላሜራና ሁለቱን ከባትሪው ጋር የሚያገናኘው ጥቁር ኬብል ነው። ሞተሩ ንዝረት እንዳያስተላልፍ በጎማ ላይ ስለሚቀመጥ በራሱ ከቦዲው ጋር በኤሌክትሪክ አይገናኝም። ስለዚህ ያ ኬብል ከላላ ወይም ከዛገ፣ ኤሌክትሪኩ በአስፋልት ወርዶ በክረምት ጭቃ እንደሚመለስ አይሱዙ ይሆናል፤ ችግሩ መሄዱ ላይ ሳይሆን መመለሱ ላይ ነው።

ቁጥሩን ልስጣችሁ። የቤንዚን መኪና ሞተሪኖ ሲዞር ከ100 እስከ 200 አምፔር ይስባል፤ የናፍጣው ከዚያ ይበልጣል። ይህን ያህል አምፔር በሚያልፍበት መንገድ ላይ ኢምንት የሚመስል እንቅፋት ኢምንት አይደለም። ግራውንዱ ላይ ያለው ዝገት 0.02 ኦም ብቻ ነው እንበል። ተራ ቴስተር በኦም መለኪያው ይህን አያሳይህም፤ «ደህና ነው» ብሎ ያሳልፈዋል። ግን 150 አምፔር ሲያልፍበት 3 ቮልት እዚያው ይቀራል። 12.6 ቮልት የነበረው ባትሪ፣ በጭነት የሚወርደውን የራሱን ሳንቆጥር፣ ሞተሪኖው ጋ የሚደርሰው 9.6 ሆኖ ነው። የቀረው 450 ዋት ሙቀት ሆኖ ዝገቱ ላይ ይነዳል። ከዚህ የተነሳ መሣሪያ የማይጠይቅ አንድ ዘዴ አለን። ሞተሪኖው ለጥቂት ሰከንድ ከዞረ በኋላ ቁልፉን አጥፍተን ኬብሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ እንዳብሳለን። የሞቀው ጫፍ ጥፋተኛው ነው። ማንም ሹፌር ሊያደርገው ይችላል።

አዲስ ባትሪ ሲገባ ለምን ይነሳል ትሉ ይሆናል። ጉልበቱ ሙሉ ስለሆነ በዝገቱ ውስጥ እየገፋ ያልፋል። ሁሉም «ችግሩ ባትሪው ነበር» ብሎ ይረካል። ግን መጥፎ ግራውንድ ሞተር ማስነሳት ብቻ አይደለም የሚከለክለው፤ ባትሪ መሙላትንም ይከለክላል። ዲናሞው የታሰረው ሞተሩ ላይ ነው፤ የሚሞላውም በዚያው ግራውንድ በኩል ነው። ጤነኛ ዲናሞ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ይሰጣል። መብራቱ በርቶ፣ ቴፑ እየዘፈነ፣ ግማሽ ቮልት ግራውንዱ ላይ ከቀረ ባትሪው ሁልጊዜ እንደጎደለ ይውላል። የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ጎድሎ መክረም አይችልም። ሳህኖቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይጋገራል፤ ከጠጠረ በኋላ ቻርጅ አይመልሰውም። ሦስትና አራት ዓመት መሥራት የሚችለው ባትሪ በዓመቱ «ሞተ» ሲባል በእርግጥም ሞቷል። ገዳዩ ኬብል ግን እንደታሰረ ነው፤ የሚቀጥለውን ይጠብቃል።

ዋናው ግራውንድ ጭራሽ ሲበጠስ ደግሞ ሌላ ጉድ ይመጣል። ኤሌክትሪኩ መመለሻ ያጣና ሞተሩንና ቦዲውን የሚያገናኝ ያገኘውን ቀጭን ብረት ሁሉ ይይዛል፤ የነዳጅ ገመዱን፣ የፍሪሲዮን ገመዱን። ቮልስ ያላችሁ ልብ በሉ። የድሮው ቮልስ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ ካምቢዮውን ከሻንሲው የሚያገናኘው አንድ የተጎነጎነ የብረት ማሰሪያ አለ። እሱ ሲበላ ቁልፍ ባዞርክ ቁጥር የነዳጅ ገመዱ ይግላል፣ አንዳንዴም ይጨሳል፣ ውሎ አድሮ ሽፋኑ ቀልጦ ገመዱ ይጣበቃል። ሰው «የነዳጅ ገመዱ ደረቀ» ብሎ ገመድ ይቀይራል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩት ብዙዎቹ ቮልሶች 6 ቮልት ስለነበሩ ይብስባቸው ነበር፤ ቮልቱ በግማሽ ሲያንስ ለተመሳሳይ ሥራ የሚፈለገው አምፔር እጥፍ ይሆናል።

ምልክቶቹን የሚያውቅ ባለሙያ ኮፈን ሳይከፍት ይጠረጥራል። ፍሬቻ ሲበራ የዳሽቦርዱ መብራት አብሮ ይርገበገባል። ፍሬን ሲረገጥ የኋላው ፍሬቻ ደብዘዝ ብሎ ይበራል። የፊት መብራት ሲበራ የሙቀት መለኪያው ድንገት ከፍ ይላል፤ ሙቀት ጨመረ ተብሎ ራዲያተሩ ወርዶ ይታጠባል፣ ውሃው ግን ምንም አልሆነም። የመብራቱ ነገር በተለይ ያሳስበኛል። የፊት አምፖል ከሚደርሰው ቮልት አንድ አሥረኛውን ቢያጣ ከብርሃኑ የሚያጣው ሲሦውን ያህል ነው። በሐምሌ ጉም ከቡሬ ወደ ኮሶበር የሚወጣ ሰው ያ ሲሦ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

እኛ አገር ችግሩ የሚበረታበት ምክንያት አለ። አንዱ ክረምቱ ነው፤ ጎጃም ላይ ክረምት ቀልድ አይደለም። ሁለተኛው ላቫጆ ነው፤ ጭቃው ሲበዛ ሞተሩ ላይ በግፊት ውሃ ይረጫል፣ ውሃው በኬብሉ ጫፍ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል፣ መዳቡ በሽፋኑ ሥር አረንጓዴ ሆኖ ይበሰብሳል፤ ከውጭ ስታየው ግን ኬብሉ ሙሉ ነው። ሦስተኛው ቀለም ነው፤ ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። አሮጌ መኪና ለሽያጭ ወይም ለዓመታዊ ምርመራ ሲዘጋጅ ይቀባል። ቀለም ቀቢው ግራውንዱን ይፈታና ላሜራውን ይቀባል፣ ከዚያም ብሎኑን በደረቀው ቀለም ላይ መልሶ ያስረዋል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የሚያልፈው በብሎኑ ጥርስ በኩል ብቻ ነው፤ እሱም እስኪዝግ ድረስ። አዲስ የተቀባ መኪና የገዛችሁ ሰዎች በመጀመሪያ የምታዩት ይህን ይሁን።

መኪኖቻችንም አርጅተዋል፤ ገና ያረጃሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ የጣለው ታክስ በዕድሜያቸው እየጨመረ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ ዛሬ በእጃችሁ ያለው ኮሮላ፣ ሃይሉክስ ወይም ሚኒባስ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላችኋል። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ጀምሮ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት የተነሳ መንገድ ሲዘጋ መኪና ለሳምንታት ቆሞ ይከርማል። የቆመ መኪና ባትሪ በራሱ ይወርዳል፤ በየሽቦው ሾልኮ የሚጠፋው ሲጨመር ቶሎ ይደርቃል። መኪናችሁ የሚቆም ከሆነ ነጌቲቩን ፈታችሁ አስቀምጡት። ምንም ወጪ የለውም፣ ባትሪ ያተርፋል።

አሁን ስለ አይሱዙ ላውራ፤ የዚህ አካባቢ ጀርባ እሱ ነውና። ከሽንዲ በኩል በቆሎ ጭኖ ቡሬ የደረሰ አንድ ሹፌር መኪናው አልነሳ ብሎት አስጠራኝ። ረዳቱ ባትሪዎቹን በሌላ መኪና ለማስነሳት ኬብል ይዞ ቆሟል።

«ወንድሜ፣ ባትሪ ከቀየርኩ ገና ክረምቱ እንኳ አልወጣም» አለኝ።

«ሁለቱንም ነው የቀየርከው?»

«አይ፣ አንዱን ነው። ሌላው ደህና ነው አሉኝ።»

«ቴፑስ ከየት ነው የሚሠራው?»

«እሱማ ከአንዱ ባትሪ ጠልፈው ነው ያያዙልኝ፤ የስልክ ቻርጀሩም እዚያው ነው።»

እዚህ ላይ ነገሩ ግማሽ ተፈታ። አይሱዙ 24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባለ 12 ባትሪ ተከታትለው ይታሰራሉ። ቴፕ፣ ቻርጀርና የጌጥ መብራት ከአንዱ ባትሪ ብቻ ሲጠለፍ ያኛው ሲራቆት ይውላል፤ ዲናሞው ግን ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሮ ነው የሚሞላቸው። ቴፑን የተሸከመው ጎድሎ ሰልፌት ይጋገርበታል፣ ሌላው ከመጠን በላይ ተሞልቶ ውሃው ይፈላል። ስለካቸው አንዱ 12.7፣ አንዱ 11.8 ነበር። አዲሱ ነው የጎደለው።

ከዚያ ወደ ግራውንዱ ሄድኩ። ቴስተሩን በዲሲ ቮልት አድርጌ አንዱን ጫፍ በባትሪው የነጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ አስቀመጥኩ። «አንዴ አዙርልኝ» አልኩት። ሞተሪኖው እያቃሰተ ሲዞር 0.9 ቮልት አሳየ። ሻንሲው ላይ የታሰረውን ብሎን ስፈታ ከሥሩ የወጣው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ነው፤ የኬብሉ ቀለበት ያረፈበት ቦታ ላይ የሻንሲው ጥቁር ቀለም እንዳለ ተቀምጧል። የኬብሉን ሽፋን ወደ ኋላ ስገፋው መዳቡ ግማሹ በጣት ሲነካ ተሰባበረ። በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያብለጨልጭ ፋቅነው፤ አዲስ ኬብል አስገባን፤ የቴፑን ጠለፋ ቆርጠን ከ24 ወደ 12 በሚቀንስ ኮንቨርተር ላይ አዞርነው። ሁለቱም ባትሪ ለየብቻ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ ቴስተሩ በዚያው ቦታ ያሳየው 0.1 ነበር። ባትሪ አልተሸጠም።

ስለ ኬብሉ አሁን በሹክሹክታ የምነግራችሁ ነገር አለ። ገበያ ላይ «የባትሪ ኬብል» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ኬብል አይደለም። ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ ቀጭን መዳብ ያለው አለ። ከዚህ የባሰው መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፤ ላዩ ቀይ፣ ውስጡ ነጭ። አልሙኒየም ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ከመዳብ ስድስት አሥረኛ ያህል ነው፤ ከዚያም በላይ በእርጥበት ቶሎ ይበላል። አንዱን ክር በቢላ ፍቁት፤ ነጭ ካወጣ ተዉት። ወይም አንዲት ክር በላይተር ነበልባል ላይ ያዙ፤ መዳብ ይግላል፣ አልሙኒየሙ ቀልጦ ይንጠባጠባል። እኛ ለራሳችን መኪና ስንሠራ የምንገዛው የብየዳ ኬብል ነው፤ በሜትር ይሸጣል፣ ክሮቹ ደቃቅና ብዙ ስለሆኑ ሞተሩ ሲወዛወዝ አይሰበርም። የቤት መስመር የሚዘረጋበትን ጠጣር ገመድ ለዚህ ሥራ አትጠቀሙ፤ ሲንቀጠቀጥ ይሰበራል።

ውፍረቱን በተመለከተ፣ ለቤንዚን መኪና ከባትሪ ወደ ሞተር ባለ 35 ስኩዌር ሚሊ ሜትር፣ ለናፍጣ ባለ 50 ወይም ባለ 70 እመርጣለሁ። 1 ሜትር ባለ 16 መዳብ ላይ 150 አምፔር ሲያልፍ 0.16 ቮልት ይቀራል፤ በባለ 35 ከዚያ ግማሽ አይሞላም። ነገር ግን አንድ ወፍራም ኬብል ብቻውን አይበቃም። ከባትሪ ወደ ሞተር አንድ፣ ከሞተር ወደ ቦዲ አንድ፣ ከባትሪ ወደ ቦዲ አንድ፣ ሦስቱም መኖር አለባቸው። በአሮጌ መኪና ላይ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የለም፤ ሞተር ሲወርድና ሲወጣ ሳይመለስ የቀረ ነው። የኬብሉ ቀለበት በመዶሻ የተቀጠቀጠ ሳይሆን በመጭመቂያ የታሰረ ይሁን። የሚታሰርበት ብረት እስኪያበራ ይፋቅ፤ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ከሥሩ ይግባ፤ ግሪስ የሚቀባው ከታሰረ በኋላ ነው። ሞተሩ ስለሚወዛወዝ ኬብሉን አትወጥሩት። ከነዳጅ ቱቦና ከታንከር ጋርም በፍጹም አታስሩት።

ስትፈቱ ነጌቲቩ ይቅደም፣ ስታስሩ ነጌቲቩ ይከተል። ፖዘቲቩን አስቀድሞ የሚፈታ ሰው ቁልፉ ቦዲውን ከነካ ባትሪው በሙሉ ጉልበቱ በቁልፉ ውስጥ ያልፋል፤ እጅ ያቃጥላል። በመሙላት ላይ ያለ ባትሪ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፣ ይህም ይፈነዳል፤ ሲጋራ አጠገቡ አይቅረብ። ሻንሲ ወይም ካሳውን (የጭነት ሳጥኑን) ልታስበይዱ ስትሄዱም ባትሪውን ፈትታችሁ የበያጁን ግራውንድ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ አሲዙ፤ አለበለዚያ የብየዳው ኤሌክትሪክ በዲናሞው በኩል አልፎ ዳዮዶቹን ይበላል። አይሱዙ ካሳውን በየጊዜው ያስበይዳል፤ ዲናሞው ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚቃጠል የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በእርግጥ ባትሪው ራሱ ያለቀበት ጊዜም አለ። ያኔ ስትገዙ ትልቅ አምፔር ሁሉን ይፈታል አትበሉ፤ መጥፎ ግራውንድ ላይ መቶ አምፔር ባትሪም እንደ ሰባው ጎድሎ ይውላል። ደርቆ መጥቶ አሲድ እዚያው የሚሞላለት ባትሪ ከሆነ፣ አሲዱ ሳህኖቹ ውስጥ እስኪገባ ጠብቁትና ቀስ ብሎ በቻርጀር ይሙላ፤ ሻጩ ቸኩሎ ቢሰጣችሁም። ውሃው ሲጎድል የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ነው። አሲድ ጨምሮ «አነቃሁልህ» የሚል ሰው ካገኛችሁ አትስሙት፤ ለጥቂት ቀን ይበረታል፣ ሳህኑን ግን ይበላዋል። ያለቀውንም ባትሪ አሲዱን አፍስሳችሁ በኪሎ አትሽጡት። ከክብደቱ ግማሽ የሚበልጠው እርሳስ ነው፤ እርሳስ ያለበት አሲድ ግቢ ውስጥ ሲፈስ የሚጫወቱበት ልጆች ናቸው፤ መርዙም የሚጎዳው አእምሯቸውን ነው። እንደታሸገ፣ አሲዱን እንደያዘ ይሂድ።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። «ባትሪህ ሞቷል» ስትባሉ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት «ጋሼ፣ እባክህ ግራውንዱን በጭነት ለካልኝ» በሉ። ቴስተሩ በነጌቲቭ ራስና በሞተሩ መካከል ይቀመጥ፤ ቁልፉ ይዙር። ቁጥሩ ከ0.2 ካልበለጠ ባትሪውን መጠርጠር ትችላላችሁ። ከ0.5 ካለፈ ግን ገንዘባችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱትና ኬብሉን አስቀይሩ፤ ለዚያም ሥራ ባለሙያውን ተገቢውን ክፈሉት።